ጣናን ብቻውን ያስቀረው ሐይቅ

በዐቢይ ጾም ባሕር ዳር ላይ ፔዳ በር አካባቢ ያሉ ዓሣ ቤቶች ገና ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ወንበር ያጣሉ። ተማሪ፣ መምህርና ባለ ባጃጅ አንድ ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ የዘይቱ ድምፅ ከወሬው ይበልጣል። አስተናጋጁ ሲመጣ ጥያቄው አጭር ነው፤ «ጋሼ፣ ቀረሶ ላምጣልዎ ነጭ ዓሣ?» አብዛኛው ሰው ቀረሶ ይላል። አጥንቱን ለመለየት ይቀላል፣ ተጠብሶም ይጥማል። ነጭ ዓሣ ያዘዘ ግን ቀጫጭን እሾህ እየለቀመ ነው የሚበላው፤ ስለዚህ አንዳንድ ቤቶች ከትፈው ኮተሌት ወይም ዱለት ያደርጉታል። ዓሣ ጾም ያስገድፋል አያስገድፍም የሚለው ክርክር እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይነሳል። ክርክሩ ሳያልቅ ሳህኑ ያልቃል።

ባሕር ዳር በአንድ ስም የምትጠራው ይህ ነጭ ዓሣ በእርግጥ አንድ ዓይነት አይደለም። ሳይንሱ ላቢዮባርበስ ብሎ የሚጠራው ወገን ነው። ከሆላንዱ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡት ሊዮ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ ከ1990ዎቹ ጀምሮ (ዘመኖቹ ሁሉ በዚህ ጽሑፍ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዓሦቹን እየለኩና ሆዳቸውን እየመረመሩ አሥራ አምስት የተለያዩ ዓይነቶች መሆናቸውን ጻፉ። አንዱ አፉ ሰፊ አዳኝ ነው፣ ሌላው ከንፈሩ ወፍራም ሆኖ በድንጋይ መሐል ይለቅማል፣ ሌላው ጭቃ ይምጋል። የሚገርመው ይህ ነው፤ የዚህ ወገን ዓሦች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፣ ያላቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። እንዲህም ሆኖ ከአሥራ አምስቱ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው ይኖራሉ።

ይህ ሁሉ ልዩነት የመጣው ጣና የተዘጋ ቤት ስለሆነ ነው። ከሐይቁ መውጫ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ አለ፤ ከ40 ሜትር በላይ የሚወርደውን ያን ውኃ ወደ ላይ የሚወጣ ዓሣ የለም። ከታች የሚመጣ ተቀናቃኝም ሆነ አዳኝ ስለሌለ፣ ውስጥ የቀሩት የወንዝ ዓሦች ሐይቁን በሥራ ተከፋፈሉት፤ ጥልቁን የያዘ፣ ዳሩን የያዘ፣ ቅጠል የመረጠ፣ ሥጋ የመረጠ። ከሐይቁ ወለል የወጣው ደለል ጣና ከ16,000 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበር ያሳያል። ክፍፍሉ የተፈጸመው ከዚያ ወዲህ ከሆነ፣ በተፈጥሮ ታሪክ ዘንድ ትናንት የሆነ ነገር ነው።

ስለ እነዚህ ዓሦች በሚጻፉ የምርምር ጽሑፎች መግቢያ ላይ በየጊዜው የሚመጣ አንድ ነገር አለ። ጣና በዓለም ላይ የቀረ ብቸኛው የዚህ ዓይነት የትልልቅ ዓሦች ቤተሰብ መኖሪያ ነው፤ ሁለተኛው ፊሊፒንስ ውስጥ፣ ላናኦ በተባለ ሐይቅ ነበር፣ ጠፍቷል። «ብቸኛው» የሚለው ክብር የመጣው እንግዲህ በሌላው ሞት ነው። ባሕር ዳር ላይ ስለ ጣና ገዳማት፣ ስለ እምቦጭ፣ ስለ ዓባይ ብዙ ይወራል። ያ ሩቅ ሐይቅ ግን ከጥናት ወረቀት ወርዶ ወደ ዓሣ ቤት ጠረጴዛ የደረሰ አይመስለኝም።

ፊሊፒንስን እኛ የምናውቃት በሌላ በር ነው። ከቤሩት፣ ከዱባይ፣ ከጂዳ የተመለሱ እህቶቻችን ፊሊፒናዊቷን ባልደረባቸውን ያስታውሳሉ፤ አንድ ሕንፃ ውስጥ በተለያየ ፎቅ ሠርተዋል፣ በበረንዳ ተነጋግረዋል፣ በዕረፍት ቀን ሩዝና ዶሮ ተካፍለዋል። በዩኒቨርሲቲዎቻችንም ፊሊፒናውያን መምህራን አስተምረዋል። ቡጢ የሚወድ ማኒ ፓክያኦን ያውቀዋል። ከ7,600 በላይ ደሴቶች ያሏት፣ ከ1565 ጀምሮ ስፔን፣ ከ1898 ጀምሮ አሜሪካ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን የገዟት፣ በ1946 ነፃ የወጣች፣ ሕዝቧ በአብዛኛው ካቶሊክ የሆነ አገር ናት። ልጆች የትልቅ ሰው እጅ ይዘው ግንባራቸውን የሚያስነኩባት፣ የገና በዓል ሽርጉድ ከመስከረም የሚጀመርባት፣ ከገና በፊት ዘጠኝ ቀን ሌሊቱ ሳይነጋ ቅዳሴ የሚሄዱባት። ጉልበት ስሞ ላደገ፣ ሌሊት ለማሕሌት ለሚነሳ ሰው ይህ ሩቅ አይደለም።

ላናኦ ያለው ግን ከዚያ ካቶሊካዊ ፊሊፒንስ ራቅ ብሎ ነው፤ በደቡባዊቷ ትልቅ ደሴት፣ በሚንዳናኦ። የሐይቁ ሰዎች ማራናኦ ይባላሉ፣ የሐይቅ ሕዝብ ማለት ነው፤ ሙስሊሞች ናቸው። ሐይቁ በስፋት ከጣና ጋር አይወዳደርም፤ 350 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ጣና ዘጠኝ ጊዜ ያህል ይበልጠዋል። በጥልቀት ግን ጣናን ያስንቃል፤ የጣና ጥልቅ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ሲሆን የላናኦ 112 ይደርሳል። ከባሕር ወለል 700 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጦ በአንድ ወንዝ ብቻ ይፈስሳል፤ ወንዙ አጉስ ይባላል፣ ማሪያ ክሪስቲና በተባለ ፏፏቴ ተወርውሮ ወደ ባሕር ይወርዳል። በከፍታ ላይ ያለ ሐይቅ፣ አንድ መውጫ፣ ከበታቹ ፏፏቴ። የጣናን ካርታ ያየ ሰው ሁለተኛ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ማራናኦዎች የሐይቁን አፈጣጠር ሲተርኩ በቦታው ማንታፖሊ የምትባል ታላቅ ከተማ ነበረች ይላሉ። ኃይሏ ስላየለ የዓለም ሚዛን እንዳይዛባ መላእክት ነቅለው ወሰዷት፤ የተነቀለችበት ጉድጓድ በውኃ ተሞላ። ውኃው አካባቢውን ሊያሰጥም ሲል መላእክቱ መውጫ ቀደዱለት፣ አጉስም ሆነ። ዳራንገን የተባለው ታሪካዊ ዝማሬያቸው ከዚህም ይሰፋል፤ በ17 ክፍል 72,000 ስንኝ አለው፣ ጀግናው ባንቱጋን ነው፣ በሠርግና በበዓል ሌሊት ለሌሊት ይዜማል። ዩኔስኮ በ2005 ከሰው ልጅ የቃል ቅርሶች ድንቅ ሥራ ብሎ አወጀው፤ በ2008 በቅርስ መዝገብ አስፍሮታል።

የመኳንንቱ ቤት ቶሮጋን ይባላል። ከግዙፍ ግንዶች በላይ የተሠራ ከፍ ያለ የእንጨት ቤት ሲሆን የወለሉ ምሰሶዎች ጫፍ ወደ ውጭ ወጥቶ እንደ ክንፍ በጥርብ ያጌጣል። ከዚህ ጥርብና ከጨርቃቸው የማይጠፋ አንድ ወፍ አለ፣ ሳሪማኖክ የሚባል፤ ጅራቱ የተዘረጋ አውራ ዶሮ የመሰለ፣ በአፉ ወይም በጥፍሩ ዓሣ የያዘ። ዛሬ ይህ ምስል በመላ ፊሊፒንስ የማራናኦ ምልክት ሆኖ ይታወቃል። ዓሣው የትኛው ዓይነት እንደሆነ የጠራቢው ፈቃድ ነው፤ ሐይቁ ውስጥ ግን ለጠራቢ የሚመረጥ ብዙ ዓሣ ነበር።

የማራናኦን ምግብ ሳነሳ ልቆይበት እፈልጋለሁ፤ ለእኛ አፍ ከሌላው የፊሊፒንስ ማዕድ ይልቅ የሚቀርበው እሱ ነውና። አብዛኛው ፊሊፒናዊ ምግቡን በኮምጣጤ፣ በአኩሪ አተር ስልስና በነጭ ሽንኩርት ያሰናዳል፤ አዶቦ የሚባለው ዝነኛ ወጣቸው ይኸው ነው። ሲኒጋንግ የሚሉት ደግሞ በሮቃ (ታማሪንድ) ወይም በሌላ ጎምዛዛ ፍሬ የሚሠራ ሾርባ ነው። በርበሬ አያበዙም። ማራናኦዎች ግን ያቃጥላሉ። ሳኩራብ የተባለ ነጭ የሽንኩርት ዓይነት ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ መሳይ ትንንሽ ቃሪያ ጋር ይወቅጡና ከተቆላ ኮኮናት ጋር ያዋሕዱታል፤ ፓላፓ ይሉታል። ከአዋዜ ጋር ያለው ዝምድና ሳይቀምሱት ይገባል፤ በሁሉም ቤት አለ፣ ሁሉም ቤት የኔ ይበልጣል ይላል፣ ከሩዝ ጋር ብቻውን ይበላል፣ ለዓሣም ለዶሮም መነሻ ይሆናል። ፒያፓራን የተባለው ምግብ ዓሣው ወይም ዶሮው በፓላፓ፣ በእርድና በተፈረፈረ ኮኮናት በስሎ የሚቀርብ ቢጫ ወጥ ነው። በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ላይ ዓሣ ወይም ሥጋ ጣል የሚደረግበት ፓተርም አለ፤ መንገደኛ በእጁ ይዞት ይሄዳል። ሐይቁ ሞልቶ በነበረ ጊዜ በዚህ ሁሉ ውስጥ የነበረው ዓሣ የራሱ የላናኦ ነበር።

ስለ ላናኦ ዓሦች ዓለም ያወቀው በአንድ አሜሪካዊ በኩል ነው። አልበርት ሄሬ በማኒላ የመንግሥት የሳይንስ ቢሮ የዓሣ ክፍል ኃላፊ ነበር። በ1924 ባሳተመው ጽሑፍ ከላናኦ 18 ዓይነት ዓሦችን ዘረዘረ፤ ሌላ ቦታ የማይገኙ፣ ከአንድ ተራ የወንዝ ዓሣ የተወለዱ ይመስላል ያላቸው። አንዳንዶቹ የመንጋጋቸው ቅርፅ ከዘመዶቻቸው ሁሉ ስለራቀ አዲስ ወገን ተባሉ። ጽሑፉ ለዝግመተ ለውጥ ተመራማሪዎች የመከራከሪያ ሜዳ ሆነ፤ በ1960 ጆርጅ ማየርስ የተባለ ምሁር ስለ ላናኦ የጻፈው ጥናት ዛሬም ይጠቀሳል። የሄሬ ዋና ናሙናዎች ግን ማኒላ በጦርነቱ ማብቂያ ስትጋይ አብረው ወደሙ። ስለዚህ ሐይቁ ባዶ ሲሆን የናሙናው ማስቀመጫም አስቀድሞ ባዶ ነበር፤ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ በአንዳንዶቹ ማንነት የሚከራከሩት ለዚህ ነው።

እንዴት ጠፉ? በአንድ ቀን አይደለም፣ በአንድ ጥፋተኛም አይደለም። አሜሪካኖች ለስፖርት ዓሣ አጥማጅ ሲሉ ትልቅ አፍ ያለው የአገራቸውን አዳኝ ዓሣ ጨመሩ። ኋላ የመንግሥት ዓሣ ባለሙያዎች ምርት ይጨምራል ብለው ካርፕ፣ ቲላፒያና አምባዛ ከተቱ። ከሚከተቱት ጫጩቶች ጋር ማንም ያልፈለጋቸው ጎቢ የሚባሉ ትንንሽ ዓሦች ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሾልከው ገቡ። የላናኦ ዓሦች እንቁላላቸውንና ጫጩታቸውን ከእንዲህ ያለ በላተኛ መከላከል አያውቁም ነበር፤ ብቻቸውን ነው ያደጉት። በዚያ ላይ ሰው በዲናሚት ያጠምድ ጀመር፤ መረቡም በየዓመቱ ጠበበ። በታኅሣሥ 2020 የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ዝርዝሩን ሲያድስ ከሐይቁና ከመውጫ ወንዙ 17 ዓሦች 15ቱ ጨርሶ ጠፍተዋል፣ 2ቱም በከፋ አደጋ ላይ ናቸው ወይም ሳይጠፉ አልቀሩም አለ።

መብራቱንም መርሳት አይገባም። ከ1953 ጀምሮ በማሪያ ክሪስቲና፣ ከዚያም በአጉስ ወንዝ ርዝመት ስድስት የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ተደረደሩ፤ ለብዙ ዘመን የሚንዳናኦ መብራት ትልቁ ድርሻ ከዚህ ወንዝ ወጥቷል። የሐይቁ መውጫ በበር ሲያዝ የሐይቁ ከፍታ የሚወሰነው ከዝናቡ ይልቅ በተርባይኑ ፍላጎት ሆነ። ማራናኦዎች ውኃው ሲሸሽ የመስጊዳቸው መታጠቢያና የሩዝ ማሳቸው ሲደርቅ አይተው ተቃውመዋል። ብርሃኑ ወደ ሩቅ ፋብሪካ ሲሄድ ኪሳራው ዳር ላይ ለተቀመጠው ቀረ የሚለው ቅሬታ ዛሬም አልበረደም።

እዚህ ላይ ባሕር ዳሬው አንባቢ ጨራ ጨራን ሳያስብ አይቀርም። ጢስ ዓባይ ቁጥር አንድ ማመንጫ በ1964 ሥራ ጀመረ። በ1996 በዓባይ መውጫ ላይ የጨራ ጨራ በር ተሠራ፤ ቁጥር ሁለት በ2001 ተጨመረ። በ2003 ድርቁና የማመንጫው ፍጆታ ተደምረው ሐይቁ እስከዚያ ከታየው ሁሉ ወረደ፤ መርከቦች አራት ወር ያህል ቆሙ። ከ2010 ወዲህ የጣና በለስ ማመንጫ ውኃውን በሌላ አቅጣጫ፣ በዋሻ ወደ በለስ ይወስዳል። ፏፏቴውን ያየ የድሮ ሰው የዛሬውን ሲያይ የሚለውን መድገም አያስፈልግም።

ሁለቱን ሐይቆች የሚያገናኝ አንድ የድሮ ነገር ላስገባ። ስፔንና ፖርቱጋል ከ1580 እስከ 1640 በአንድ ንጉሥ ሥር ነበሩ። በዚያ ዘመን ኢየሱሳዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ወደ ጣና መጣ፤ በ1603 ገባ፣ ጎርጎራን መቀመጫው አደረገ፤ ዐፄ ሱስንዮስም በ1622 በይፋ ካቶሊክ ሆኑ። በ1632 ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ የቀድሞው ሃይማኖት ተመለሰ፣ ኢየሱሳውያንም ኋላ ወጡ። በሌላኛው የምድር ጫፍ በዚያው ንጉሥ ስም የማኒላው ገዢ ኮርኩዌራ በ1639 ወደ ላናኦ ጦር ላከ፣ ምሽግ ጀመረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ተከብቦ አቃጥሎት ወጣ። ስፔኖች ወደ ሐይቁ በእውነት የተመለሱት ከ250 ዓመት በኋላ ነው፤ በ1895 የእንፋሎት ጀልባዎችን ገነጣጥለው ተራራ አውጥተው ውኃው ላይ ገጠሟቸው። አማይ ፓክፓክ የተባለው አዛዥ ምሽጉን ሲከላከል ሞተ። ሁለቱ ሐይቆች አሥር ዓመት ባልሞላ ልዩነት ለአንድ መንግሥት እምቢ ያሉ ጎረቤቶች ናቸው ብል ማጋነን አይመስለኝም፤ ተያይተው ግን አያውቁም።

በዘመናችንም ተያይዘው የሄዱበት ነገር አለ። ዶሞካኦ አሎንቶ የተባሉ የማራናኦ ሴናተር ባነሱት ሐሳብ ላናኦ ዳር ባለችው ማራዊ ከተማ በ1961 ሚንዳናኦ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ፤ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን ወጣት አንድ ክፍል ውስጥ ለማስቀመጥ። ባሕር ዳር ላይ ፖሊ ቴክኒኩ በ1963፣ ስሙን ለፔዳ የሰጠው የፔዳጎጂ አካዳሚ ደግሞ በ1972 ተቋቋሙ፤ በ2000 ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። የፔዳ ግቢ የባዮሎጂ መምህራን ጣና ላይ ወጥተው ዓሣ ሲለኩ የማራዊ አቻዎቻቸው የጠፋ ዓሣ ሲፈልጉ ኖረዋል። ማራዊ በ2017 ከግንቦት እስከ ጥቅምት በእስላማዊ መንግሥት ስም በታጠቁ ኃይሎችና በመንግሥት ጦር መካከል አምስት ወር የከተማ ጦርነት አስተናገደች፤ ከሺህ በላይ ሰው ሞተ፣ በመቶ ሺዎች ተፈናቀሉ፣ የሐይቁን ዳር የያዘው መሐል ከተማ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ስለ ዓሣ ማውራት ቅንጦት ይመስላል። እኛም በቅርቡ ይህን ስሜት ተምረነዋል።

ወደ ጣና እንመለስ። የሐይቁን ዓሣ ለዘመናት ያጠመዱት ነገደ ወይጦ ናቸው፤ ከደንገል ታንኳ የሚሠሩ፣ ከውኃው የሚኖሩ፣ እነሱም ሙስሊሞች፣ የከተማው ሰው ደግሞ ለረጅም ጊዜ የናቃቸው። ታንኳ ከዳር ርቆ አይሄድም፣ መረቡም አጭር ነበር። ነገሩ የተቀየረው በ1986 ነው፤ ከሆላንዷ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ከኡርክ የመጣ ድርጅት ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጋር ሆኖ ባለ ሞተር ጀልባና መቶ ሜትር የናይለን መረብ አስገባ። ሐሳቡ ድሃውን ለመመገብ ነበር፤ ተመግቧልም። ግን ከነጭ ዓሦች ቢያንስ ሰባቱ ዘር የሚጥሉት በወንዝ ነው። ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ፣ በድርማ፣ በአርኖ ጋርኖና በግልገል ዓባይ አፍ ይሰበሰባሉ፤ ጠጠር ያለበት ንጹሕ ውኃ ፍለጋ ወደ ላይ ይወጣሉ። ይህን የሚያውቅ አጥማጅ መረቡን የት እንደሚዘረጋ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ወንዙ ላይ ደግሞ ብርብራ ወቅጦ የሚበትን አለ፤ ፍሬው ዓሣውን ያፈዝዘዋል፣ ትልቁም ትንሹም ይንሳፈፋል። ላናኦ ላይ ዲናሚት ያደረገውን እዚህ ብርብራ ያለ ጩኸት ያደርገዋል።

ሆላንዳዊው ማርቲን ደ ግራፍ ከባልደረቦቹ ጋር በ2004 ባሳተመው ጥናት በአሥር ዓመት ውስጥ በወንዝ የሚራቡት ነጭ ዓሦች በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሳቸውን አሳየ፤ የጫጩቶቹ ከዚያም ይብሳል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ዋሴ አንተነህ በድርማና በመገጭ፣ በሌሎችም ወንዞች የፍልሰቱን ነገር ተከታትሎ ጽፏል። ከዚያ ወዲህ ርብ ላይ ግድብ ተሠራ፣ መገጭ ላይም ተጀመረ፤ ከጉማራ አሸዋ ይወጣል፣ ለመስኖ ውኃ ይሳባል። ፎገራ ሜዳ ደግሞ በሩዝ ተሞላ። የሩዙን ነገር ሳነሳ ፊሊፒንስ መመለሷ አይቀርም፤ ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም ከ1960 ጀምሮ የሚሠራው ሎስ ባኞስ በተባለች የፊሊፒንስ ከተማ ነው። የፎገራ ሩዝ ግን በመጀመሪያ ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር የመጣ ነው። ዛሬ የፎገራ እንጀራ ጤፉን ከሩዝ ጋር ቀላቅሎ ይጋገራል፤ ጥሩ ይነጣል።

ጣናን ከላናኦ የሚለየው አንድ ትልቅ ነገር እስካሁን ማንም የውጭ ዓሣ አለመክተቱ ነው። ካርፕ ቆቃ ላይ አለ፤ ጣና ላይ የለም። ቀረሶም፣ አምባዛም፣ በሶም የራሱ የሐይቁ ናቸው። የነገሩ ምፀት ያለው እዚህ ነው፤ የላናኦን ማዕድ ዛሬ የሚሞላው ቲላፒያ ከአፍሪካ የሄደ ዓሣ ነው። የናይል ቲላፒያ ፊሊፒንስ የገባው በ1972 ነው፤ በ1988 ደግሞ እዚያው አገር ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል ዘር አምጥተው በፍጥነት የሚያድግ የተሻሻለ ዘር አዳቀሉ። ዛሬ ያ ዘር በእስያ ሁሉ ይረባል። የማራናኦ እናት ፒያፓራን የምትሠራበት ዓሣ፣ ፔዳ በር ላይ አስተናጋጁ ቀረሶ ለሚለው ቲላፒያ የአጎት ልጅ ነው። ባሕር ዳር ላይ ባለቤት የሆነው ማራዊ ላይ መጤ ነው። አንድ ቀን አንድ በጎ አሳቢ ያን የተሻሻለ ዘር በኬጅ አርብቼ ላሳያችሁ ብሎ ወደ ጣና ቢያመጣው ከሐይቁ ቀረሶ ጋር ይዳቀላል፤ ላናኦ ላይም ሁሉም የጀመረው በበጎ አሳቢ ነው።

የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 በ2003 ወጥቷል። ጣናም በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኗል። ሆኖም ነሐሴ ላይ ጉማራ አፍ የሚዘረጋውን መረብ የሚያስነሳ ሰው ለአጥማጁ የዚያን ወር ዘይትና ጤፍ ከየት እንደሚያመጣለት መንገር አለበት፤ ያ አጥማጅ ከዓመቱ ሁሉ የሚያተርፈው በእነዚያ ሳምንታት ነው። እሸቴ ደጀን በ2003 በዋገኒንገን የዶክትሬት ሥራው አንድ መንገድ መርምሯል፤ ጣና ውስጥ ሳይነኩ የኖሩ፣ ጣት የማያክሉ ትንንሽ ባርበሶች አሉ፤ ከነጭ ዓሣው ይልቅ እነሱን ማጥመድ ቢለመድስ? ከመካከላቸው አንዱ በ2000 ገና ስም የወጣለት፣ ከጣና ሌላ የማይገኝ ዓሣ ነው። ፊሊፒናዊ ቢሆን ጥያቄው አይገባውም፤ እዚያ አገር ትንንሽ ዓሣ በጨው አድርቆ፣ ጠብሶ፣ ጠዋት በነጭ ሽንኩርት ከተጠበሰ ሩዝ ጋር ከነጭንቅላቱ መብላት የድሃም የሀብታምም ቁርስ ነው። ቢኮል አካባቢ ባለው ቡሂ ሐይቅ የዓለምን ትንሿን የገበያ ዓሣ ሲናራፓንን ሲያጠምዱ ኖረዋል።

ባሕር ዳር ላይ ግን መጀመሪያ የሚበላት መገኘት አለበት። ዓሣ ቤት ገብቶ የደረቀች ዓሣ ከነዓይኗ አምጡልኝ የሚል ሰው ከፔዳ እስከ ጊዮርጊስ ድረስ ብፈልግ አላገኝም። ቢገኝ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ እነዚያ መንጋጋቸው ጥርስ አልባ የሆነ ስምንቱ አዳኞች የሚኖሩት በእነዚሁ ትንንሾች ነው።